አቀንጭራ የወረሰው ማሳ

አባቴ ስለ ሥራዬ ነገሬ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። ጭሮ ካለው ቤታችን ደውሎ ጤናዬን ጠየቀ፣ ዝናቡ መዘግየቱን ነገረኝ፣ ከዚያ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ አባ» አልኩ።

«አለሁ» አለ። ትንሽ ቆይቶ «የዚያን ማሳ አፈር ብሰጥሽ መመርመር ትችያለሽ?» አለኝ።

የትኛው ማሳ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ቤታችን ውስጥ «ያ ማሳ» የሚባለው አንድ ብቻ ነበር፤ ስሙ ከተነሳም ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። «እችላለሁ» አልኩት።

አባቴ ከወለጋ የመጣ የባቡር ሃዲድ ጥገና ሠራተኛ ነበር። አሰቦት ጣቢያ ተመድቦ ሲሠራ ከሃዲዱ ማዶ መሬት አግኝቶ ማሽላ ይዘራ ጀመር። ታላቅ ወንድሜም እኔም እዚያው ተወለድን። ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ነበሩ፤ በክብረ በዓል ሰሞን ደግሞ ወደ አሰቦት ገዳም የሚወጡ ተሳላሚዎች በደጃችን ያልፋሉ። ጴንጤ የምንባለው እኛና ሌላ አንድ ቤተሰብ ብቻ ስለነበርን እሑድ እሑድ እኛ ቤት ተሰብስበን እንዘምራለን። አማርኛ የጣቢያውና የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ነበር። እኔና ወንድሜ ማሳ ውስጥ የምናወራው በኦሮምኛ ነው።

ማሽላው ሲያሽት ወንድሜ ማማው ላይ ወጥቶ ግሪሳ ይጠብቃል። ወንጭፍ ነበረው፤ በሰፈሩ የሚታወቀው ግን በፉጨቱ ነው። አጠር አጠር አድርጎ ይጀምርና መጨረሻው ላይ አንድ ረዥም ያወጣል፤ ረዥሙ ወደ ላይ ከፍ እያለ ሄዶ ድንገት ይቆማል። ወፎቹ ይፈሩት እንደሆነ አላውቅም። እናቴ ግን ያንን ስትሰማ ራበው ማለት ነው ብላ በእኔ ምሳ ትልክለት ነበር።

ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ አቀንጭራ የሚባለው አረም ማሳችን ውስጥ ገባ። አቀንጭራ ሲያብብ ያምራል። አበባው ሐምራዊ ነው፤ የማያውቅ ሰው ከማሽላው ሥር አበባ ተክለው የሚንከባከቡ ሰዎች አሉ ብሎ ሊያስብ ይችላል። ግን ከአፈር ወጥቶ በታየ ጊዜ ሥራውን ጨርሷል። ከዚያ በፊት ለሳምንታት ከመሬት በታች የማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ሲመጠምጠው ቆይቷል። ዝናብ እየዘነበ ማሽላችን በድርቅ እንደተመታ ይጠወልጋል፣ ቁመቱ ይቀጭጫል፣ ቅጠሉ እሳት እንደላሰው ይሆናል። የሰፈሩ ሰው መሬቱ ታመመ ይል ነበር።

እኔና ወንድሜ ስንነቅል እንውል ነበር። አንድ ቀን ወንድሜ አንዱን አቀንጭራ ከነማሽላው ቆፍሮ አወጣና በጣሳ ውሃ አጠበው። ሁለቱ ሥሮች የሚገናኙበትን ቦታ በጣቱ አሳየኝ።

«እንዴት ያውቃል?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ዘሩ ትቢያ ነው የሚያክለው። ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው። ከላዩ ማሽላ እንደተዘራ በምን ያውቃል?»

«እግዜር ይነግረዋላ» አልኩት።

ሳቀ። «እግዜር መንገር ከፈለገማ ቀድሞ ለእኛ ይነግረን ነበር።»

ማሳው ተከታትሎ ምርት ከነፈገን በኋላ ወንድሜ ወደ ድሬዳዋ በሚሄደው ባቡር ተሳፍሮ ሄደ። የነገረው ለእናቴ ብቻ ነው። ሥራ አግኝቶ ይመጣል ብላ ሸኘችው። ከድሬዳዋ ደህና ነኝ የሚል መልእክት በሰው ላከ። ቀጥሎ አንድ የጭሮ ጫት ነጋዴ ጅቡቲ ወደብ አካባቢ አየሁት አለ። ከዚያ ወዲህ የሰማነው ስለ አንዲት ጀልባ ነው። ወደ የመን ስትሻገር ሰጠመች ተባለ። ወንድሜ ተሳፍሮባት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን አላገኘንም። ያን ሰሞን የጠፉ የአካባቢው ልጆች ብዙ ነበሩ፣ የሚወራውም እርስ በርሱ ይምታታ ነበር።

አባቴ አንድ ጊዜ ደግሞ ዘራ። አቀንጭራው ጠራርጎ በላው። ከዚያ ማሳውን ጥለን ጭሮ ወጣን፣ አባቴም የአናጢነት ሥራ ጀመረ። እናቴ እያደር ለቅሶ እንቀመጥ ማለት ጀመረች። ልጇን በእንባ መሸኘት፣ ሰው መጥቶ እግዜር ያጽናሽ እንዲላት ፈለገች። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አባቴን ሊያነጋግሩት መጡ። ቁጭ ብሎ አዳመጣቸውና «ሬሳ አምጡልኝና እቀብራለሁ» አላቸው። ዳግመኛ አልመጡም።

እናቴና አባቴ ከዚያ ጀምሮ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት የተለያየ ልጅ ነበራቸው፤ የእሷ የሞተ፣ የእሱ በመንገድ ላይ ያለ። እኔ በሁለቱ መካከል አደግሁ። ከእሷ ጋር ስሆን ስሙን በኀዘን እጠራለሁ፤ እሱ ሲገባ ዝም እላለሁ። የእኔ ወንድም የትኛው እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮሎጂ ተማርኩ፤ ቀጥሎም በዕፅዋት ባዮኬሚስትሪ ለመማር ውጭ አገር ሄድኩ። ለምን ይህን መረጥሽ ለሚሉኝ የምሰጠው የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ፦ የምግብ ዋስትና፣ ምርታማነት፣ እንዲህ ያለውን። እውነቱ ግን የጣሳው ውሃ ነው። ለወንድሜ ጥያቄ ሌሎች ሰዎች መልስ አግኝተውለት ነበር። ማሽላ ምግብ ሲያጥረው ከሥሩ እጅግ ጥቂት ኬሚካል ወደ አፈር ያንጠባጥባል። የሚጠራው ምግብ የሚያቀብሉትን የአፈር ፈንገሶች ነው። አቀንጭራ የእሱ ያልሆነውን ጥሪ ይሰማል። ለዓመታት ተኝቶ የቆየው ዘር ያ ጠብታ ሲደርሰው ይነቃል፣ ጭራ የመሰለች ቀጭን ሥር ያወጣል፣ ሥሯም ወደ ማሽላው ትሄዳለች።

ያንን ለመጀመሪያ ጊዜ በማይክሮስኮፕ ያየሁት በአንድ ደመናማ ከሰዓት በኋላ ነው። የማሽላ ሥር የነከርኩበትን ውሃ በጠብታ ማንሻ ዘሮቹ ላይ ካንጠባጠብኩ ቀን አልፎ ነበር። ሳህኑ ውስጥ ትቢያ የመሰሉት ዘሮች ተሰንጥቀው ነጫጭ ሥሮች አውጥተዋል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ትንሽ ቆይቶ አጠገቤ የምትሠራው ባልደረባዬ ከማን ጋር እንደማወራ ጠየቀችኝ። ለካ ድምፄን አውጥቼ በኦሮምኛ «አየህ፣ ይሰማል እኮ፣ ይሰማል» እያልኩ ነበር። እየቆጠርኩ ነው አልኳት። ከዚያ በኋላም ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻዬን ስሆን አወራው ነበር። አልመለሰልኝም፤ የሚሰማኝ ግን ይመስለኛል። ወንድሜ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳላውቅ ስለ ማሽላ ሥር የማስረዳው ሰው እሱ ሆነ።

አገር ቤት ተመልሼ በምሥራቁ በኩል ሥራ ስይዝ፣ ዝም የሚል ማሽላ ፍለጋ ገባሁ። አንዳንድ የማሽላ ዝርያዎች ዘረ መላቸው ስለተለወጠ አቀንጭራን የሚቀሰቅሰውን ኬሚካል እምብዛም አያወጡም። እነዚህ አጫጭር ናቸው፤ ገበሬው አይወዳቸውም። የሐረርጌ ገበሬ የሚፈልገው ረዥሙን፣ አገዳው ለከብትና ለአጥር የሚሆነውን ነው። ሥራችን ሁለቱን ማዳቀልና ከቡቃያዎቹ ቅጠል ዲኤንኤ አውጥተን ዝምታውን የወረሱትን መለየት ነበር። ዓመታት ወሰደ። በገበሬዎች ማሳ ላይ የሚሞከር ዘር በእጃችን በገባበት ሰሞን ነው አባቴ የደወለው።

አብረን ወደ አሰቦት ወረድን። ባቡሩ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ሃዲዱን ሣር ውጦታል። ጣቢያው ተዘግቶ ነበር። ስናልፍ አባቴ በሩ አጠገብ ቆም አለና ግድግዳውን በመዳፉ ጠረገ። በአሮጌ ሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ጽሑፍ ነበረበት፤ የእጅ ጽሑፉን ወዲያው አወቅሁት። «ጭሮ ገብተናል። ከመናኸሪያው በላይ። አናጢው ጋ ብለህ ጠይቅ» ይላል። ለማን እንደተጻፈ አይልም። አባቴ በየጊዜው ለሥራ ጣውላ ፍለጋ ብሎ ከቤት ሲጠፋ ወዴት ይሄድ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው። ጽሑፉ ሲደበዝዝ መጥቶ ያድሰው ነበር።

የድሮ ጎረቤታችን የነበሩት አሮጊት ሴት በሕይወት ነበሩ። ፍየሎቻቸውን ትተው ወደ እኛ መጡ። «አካም ጅርታ፣ ያ ኢንተላ፣ እንዴት ነሽ ልጄ፤ ወላሂ አላወቅሁሽም» ብለው ጉንጬን ይዘው ሳሙኝ። አባቴን አንተ ነው የሚሉት፤ በአማርኛቸው ሁሉም ሰው አንተና አንቺ ነው። ማሳው ግራርና ቁጥቋጦ ለብሷል። አካፋውን ይዤ ስገባ እሳቸው ዳር ላይ ቀሩ።

«ይግቡ እንጂ» አልኳቸው።

«እኔ እዚህ አልገባም» አሉ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «ልጅህ ያፏጫል።»

አባቴ ቀና አለ።

«የከሰዓቱን ሶላት፣ አስርን ሰግጄ ስወጣ ነው የምሰማው። ሁልጊዜ አይደለም። መጀመሪያ ጊዜ መጣ ብዬ ሮጥኩ፣ ስሙን ጠራሁ። ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ አልጠራሁም።»

«ወፍ ይሆናል» አልኩ።

«ወፍ አውቃለሁ» አሉ በእርጋታ።

አባቴ የጠየቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «በየትኛው በኩል?» አለ። በዱላቸው ማማው የነበረበትን አቅጣጫ አሳዩት። እኔ አጎንብሼ ከየቦታው አፈር እየቆፈርኩ ከረጢት ውስጥ ማድረጌን ቀጠልኩ። ማማው ከነበረበት ስደርስ እጄ ፈጠነ።

አፈሩን አጥቤ በወንፊት ካጠለልኩት በኋላ ዘሮቹን በሞቀና በረጠበ ቦታ አቆየኋቸው፤ ቀጥሎ የማሽላ ሥር ውሃ አንጠባጠብኩባቸው። ውጤቱን በስልክ ልነግረው አልፈለግሁም። አባቴ ራሱ መጣ፤ ኮቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ። ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና ማይክሮስኮፑን ለዓይኑ አስተካከልኩለት። ብዙ ቆየ።

«እነዚህ ነጫጮቹ ናቸው?»

«አዎ አባ። የነቁት ናቸው።»

«የዚያን ጊዜዎቹ ናቸው?»

«አላውቅም። ማሽላ ሲታጣ በዱር ሣር ላይም ይበቅላል። የዚያን ጊዜ ዘር ሊሆን ይችላል፣ ከዚያ በኋላ የረገፈም ሊሆን ይችላል። መለየት አልችልም።»

«ግን አልሞቱም።»

«አልሞቱም።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት» አለ፤ ዓይኑን ከመስታወቱ አላነሳም። ሲነሳ ፊቱ ላይ ተስፋ የመቁረጥ ምልክት እፈልግ ነበር፤ አላገኘሁም። ኮፍያውን አደረገና «ያ ዝም የሚለውን ማሽላ ስጪኝ» አለኝ።

እናቴ ስትሰማ «አርጅተሃል፣ ማን ሊያርስልህ ነው?» ብላ ተቆጣችው። ሙከራውን ከሚያካሂዱት ገበሬዎች ጋር የእሱም ማሳ ገባ። ቁጥቋጦውን አስመነጠረ፣ ጎጆ ቀለሰ፣ ማማውን በድሮው ቦታ ላይ አቆመ። ማሽላው ሲያሽት ልጎበኘው ወረድኩ። ከምጠብቀው በላይ ቆንጆ ነበር፤ ቁመቱ ከእኔ አልፏል። አቀንጭራ ጨርሶ አልጠፋም፤ ዳር ዳሩን ጥቂት በቅሎ ነበር። ሳያብብ ነቀልኩት። ጎጆው ውስጥ ስገባ ሁለት አልጋ አየሁ። አንዱ ላይ አንሶላ ተነጥፏል፣ ትራሱ ላይ የሰው ራስ ያረፈበት ምልክት የለም።

ከሰዓት በኋላ ማማው ላይ አብረን ተቀመጥን። አባቴ ቆሎ አቀረበልኝ።

«የሄደ ዕለት አይቼዋለሁ» አለ በድንገት።

«ማንን?»

«ወንድምሽን። ሃዲድ ላይ ነበርኩ። ባቡሩ ሲመጣ ዞር አልን። በሩ ላይ ቆሟል፤ አየኝና እጁን አነሳ። ሚኤሶ ገበያ የሚሄድ መስሎኝ እኔም እጄን አነሳሁለት። ሥራዬን ቀጠልኩ።»

ይህን ለእናቴም ነግሯት አያውቅም። ክንዱን ያዝኩት፤ እሱ ግን ወደ ማሽላው ነበር የሚያየው።

ያኔ ነው የሰማሁት። ከማሽላው መሃል፣ አጠር አጠር ብሎ፣ ከዚያም ረዥሙ፣ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ድንገት የቆመው። አባቴን አየሁት። ከንፈሩ አልተነቃነቀም፤ እሱም እኔን ነበር የሚያየው። እንደ ተመራማሪ ማድረግ ያለብኝን አደረግሁ። ወፍ ፈለግሁ፤ የተሰበረ አገዳ ውስጥ ነፋስ ገብቶ እንደሆነ አሰብኩ፤ ወርጄ በመስመሮቹ መካከል ሄድኩ። ቅጠል ከመንኮሻኮሹ በቀር ምንም አልነበረም። ስመለስ አባቴ «አገኘሽ?» አላለኝም።

«አባ፣ መልሰህለት ታውቃለህ?» አልኩት።

«ሁልጊዜ እመልስለታለሁ» አለ። «ከዚያ ዝም ይላል።»

መከሩ ገባ። ጎረቤቶች ተሰብስበው ወቁለት፤ አውድማው ላይ የነበረው ክምር ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚያ ማሳ ያላየሁት ነበር። አባቴ ከእህሉ ከፍሎ ይዞ ጭሮ መጣ። እናቴ ገንፎ ሠራችበት፣ ቀመሰችውና የድሮውን ያህል አይጣፍጥም አለች። ስንበላ አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ለቅሶውን እንቀመጥ» አለ።

እናቴ ደነገጠች። «ምን ሰማህ?»

«ምንም አልሰማሁም።»

«ታዲያ?»

«ማሳው ከዳነ ይመጣል ብዬ ነበር። ይኸው ዳነ። አልመጣም።»

ገንፎው ቀዘቀዘ። እኔ ዓመታት የደከምኩበት ሥራ አባቴ ዘንድ ለምን ይፈለግ እንደነበር አሁን ገባኝ። ለእኔ አንድ ዘረ መል፣ አንድ ዝርያ፣ በጉባኤ ላይ የሚቀርብ ውጤት ነበር። ለእሱ ልጁ የሄደበትን ምክንያት ማንሳት ነበር። ምክንያቱ ሲነሳ መንገዱ ባዶ ሆኖ አገኘው።

ድንኳን ተጣለ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች መዝሙር ዘመሩ፤ የአሰቦቷ ጎረቤታችን ከልጃቸው ጋር ወጥተው ሴቶቹ መካከል ተቀመጡ። የወንድሜ ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፣ ከትምህርት ቤት መታወቂያ ላይ የተነሳ። ፎቶ ቤት ወስደን ስናስተልቀው ፊቱ ደብዝዞ የማላውቀው ልጅ መሰለ። እናቴ እስኪበቃት አለቀሰች። አባቴም ሰው እየያዘው አለቀሰ። እኔ እንባ አልመጣልኝም። ሰዎች እግዜር ያጽናሽ ሲሉኝ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ በውስጤ ግን ያንን ፉጨት እያሰብኩ ነበር። ከዚያ በኋላ ላቦራቶሪ ስገባ እንደ ድሮው ወንድሜን ላወራው ሞከርኩ። ቃሉ አልወጣ አለኝ። የሞተ ሰው ማናገር አልለመድኩም ነበር።

አባቴ ለቅሶው እንዳለቀ ወደ ማሳው ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ጭሮ የሚኖር ሰው አልሆነም። በክረምቱ እኔና እናቴ ልንጠይቀው በቅጥቅጥ አውቶቡስ ወረድን። አዲሱ የባቡር መስመር ተሠርቶ ስለነበር እናቴ በመስኮቱ እያየችው ቆየች።

«አሁን ቢመጣ ምን ይለናል?» አለችኝ።

ዓመታት ሙሉ ለቅሶ እንቀመጥ ስትል የነበረችው እሷ ናት። «ይስቃል» አልኳት። «ቀበራችሁኝ እንዴ ብሎ ይስቃል።»

«አይስቅም» አለች። «ይቀየመናል።» ትንሽ ቆይታ «ልክ ነው ያደረግነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እንዲህ ላሉ ጥያቄዎች መልስ የሚያገኝ መሣሪያ የለኝም። «አላውቅም እማዬ» አልኳት፤ እሷም ሌላ አልጠበቀችም። ወርደን አሮጌውን ሃዲድ ስንሻገር፣ ከማሳው በኩል አንድ ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ወደ እኛ መጣ። ፀሐዩ ከጀርባው ስለነበር ፊቱ አይታይም። በአካሄዱ ሁለታችንም ለአንድ አፍታ ተሳስተን ወንድሜ መሰለን። እናቴ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።

ሲቀርብ አባቴ ነበር።

«ከስቷል» አለች እናቴ፤ እጄን ለቃ ፈጠን ፈጠን እያለች ወደ እሱ ሄደች።